ኮልታፋ ያላችሁት አንደበት

ስለ ቀልደኞቻችን ሲነሣ ሥነ ጽሑፍ ወዳዱ ወገን የማይታክታት አንዲት ክስ አለችው፤ በአንድ ሙያ አይጸኑም የምትል። ትናንት ማይክራፎን ጨብጦ የሰርግ ቤት ያስቅ የነበረው ሰው ዛሬ ጸሐፌ ተውኔት ነኝ ይላል፤ ነገ ካሜራ ተከራይቶ የፊልም አዘጋጅ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ በሳሙና ማስታወቂያ ላይ ብቅ ይላል። «ምኑን ከምኑ!» እንልና ፊታችንን እናዞራለን። እኔ ይህችን ክስ አልቀበላትም። ሰውየውን ይዛ ወንጀሉን ለቅቃለችና።

ብዙ ሙያ መያዝ በአገራችን የመድረክ ሰው ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። ዘመናዊውን የአማርኛ ተውኔት የጀመሩልን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የመድፈኝነትን ትምህርት የተማሩ ወታደር ነበሩ፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑ፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። ከሕገ መንግሥቱ በፊት ደግሞ፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ፣ «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው መድረክ ላይ አቆሙ። «ተበተኑ» ያላቸው የለም።

ወይም አባባ ተስፋዬን አስቡ። ተስፋዬ ሣህሉ ከባሌ መጥተው፣ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫወቱ፤ ዘፈኑ፤ ምትሃት አሳዩ፤ በኮሪያ የዘመተውን ጦር ለማዝናናት ባሕር ተሻገሩ። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የቀበራቸው ትውልድ «ይህ ሰው ተዋናይ ነበር ወይስ ቀልደኛ ወይስ ተረት ነጋሪ?» ብሎ አልተከራከረም። አያታችን ነበሩ።

ስለዚህ ቀልደኛው ከማይክራፎን ወደ ተውኔት፣ ከተውኔት ወደ ፊልም ቢሻገር መንገዱን አላስቸግረውም። የኔ ክስ ስለ ሻንጣው ነው። ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር ምን ይዞ ሄደ? ምንስ ጥሎ ሄደ?

ይዞ የሄደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተወደዱት ጥንዶችና ነጠላዎች፣ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳም፣ የአገሩን ሳቅ በያዙበት ዘመን ቀልድ በካሴት ይሸጥ ነበር። ብዙ የቀልድ ዓይነት ነበር በዚያ ዘመን፤ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ታክሲ፣ ስለ ቀበሌ። ከሁሉም ግን እየቀለለ፣ እየበዛ፣ ከጀማሪ እስከ አንጋፋ እየተዋሰው የሄደው አንዱ ነው፤ አማርኛን በሌላ ቋንቋ ቅላጼ የሚናገረውን ሰው መቅዳት። ቀልደኛው አፉን ጠመም ያደርጋል፤ ጾታውን ያቀያይራል፤ «ነህ» የሚባለውን «ነሽ» ይላል። አዳራሹ ይፈነዳል። ታሪክ የለም፣ ሁነት የለም፣ መደምደሚያ የለም፤ ቅላጼው ብቻ ነው ቀልዱ።

ያው ሰው ተውኔት ሲጽፍ ያንኑ ቅላጼ ለቤት ሠራተኛዋ ሰጣት። ፊልም ሲሠራ ለዘበኛው ሰጠው። የፍቅር ኮሜዲ የተባለውን የፊልም ዓይነታችንን ተመልከቱት፤ ቪላ ቤት አለ፣ መኪና አለ፣ የሚዋደዱ ሁለት ወጣቶች አሉ፣ እነርሱ የሚናገሩት የአዲስ አበባ አማርኛ ነው። በር ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቆሟል። እርሱ አፉን በከፈተ ቁጥር እንድንስቅ ይጠበቅብናል። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚፈልግ ደራሲው አልጠየቀውም። ቅላጼውን ሰጥቶት አልፏል።

ይህን ነገር ከከሚሴ ሆኖ ማየት ከፒያሳ ሆኖ ከማየት ይለያል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን እያለፈ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከሚሴን ያገኛታል። በአማራ ክልል ውስጥ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዋ ሐረዋ በዙሪያዋ ናቸው፤ በ1999ኙ ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሰው የተቆጠረበት አገር ነው። ቦርከና በጨፋ ሜዳ ላይ ተኝቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በጋ ሲጠና የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት ወደዚያ ሣር ይተማል። ሰውየው ቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይነጋገራል፣ ገበያ ላይ በአማርኛ ይሸጣል፣ ግመል ሲገዛ አፋርኛ ይቆጥራል፣ መስጊድ ሲገባ ዐረብኛ ይቀራል፤ ተራራው ላይ ሾንኬ ዘንድ ከወጣ ደግሞ የአርጎባ ጎረቤት አለው። አራት ቋንቋ በአንድ ሳምንት! የፊልማችን ደራሲ «ኮልታፋ» ብሎ የሣለው ሰው ይህ ነው። ሣዩ ራሱ ስንት ቋንቋ ይችላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

«ነህ»ን «ነሽ» ማለት እስከዚህ የሚያስቅ ከሆነ ምክንያቱን እንመልከተው። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» የምትለው ቃል ለወንድም ለሴትም አንዲት ናት። ወንድሙንም እኅቱንም «አቲ» እያለ ያደገ ሰው አማርኛ ሲናገር ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው በጾታ ለይቶ እንዲጠራ የሚያስገድደውን ሕግ አዲስ ይማራል። የሚሳሳተው ስላላሰበ ሳይሆን የራሱ ቋንቋ ሌላ ሕግ ስላለው ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር አበሻም በእንዲህ ያለው ቦታ ይሰናከላል፤ ለዚያ ግን ቴአትር አልሠራንለትም።

መስታወቱን እናዙረው። በአፋን ኦሮሞ ውስጥ «ዸ» የምትባል ድምፅ አለች፤ ወደ ውስጥ ተስባ የምትወጣ፣ በአማርኛ የሌለች። ቅቤ ለመግዛት «ዸዻ» ማለት ያስፈልጋል። የከተማችን ቀልደኛ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ ይህችን ቃል ይበላት እስቲ! «ዳዳ» ነው የሚላት። «ለፈ» ሲሉት መሬት፣ «ላፋ» ሲሉት ለስላሳ የሆነውን ልዩነትም ጆሮው አይለየውም፤ መሬቱን አለስልሶ ይመለሳል። ቅቤ ሻጯ ግን መድረክ አላቆመችበትም፤ በፈገግታ መዝና ሸጠችለት።

ወዳጆቼ እዚህ ላይ «ቀልድ አታውቅም» ይሉኛል። ቀልድማ አውቃለሁ፤ ከገበያ ነው የተማርሁት። እስቲ ይህን ትዕይንት አስቡት፤ ተውኔት ልትሉት ትችላላችሁ፣ እስካሁን ማንም ስላልጻፈው ነጻ ነው።

ሰኞ ነው፤ ባቲ። ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨው ጫኙ፣ ጥጥ ሻጯ ከአፋር ቆላና ከወሎ ደጋ ተጠራርተው ሜዳውን ሞልተውታል። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከአንድ ሽማግሌ ፊት ቆሟል። ሽማግሌው ሽርጥ ታጥቀው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው አንዲት ግመል ይዘዋል።

«አባባ፣ ስንት ነው ይሄ ግመል?»

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ?»

ነጋዴው ሳቀ። «ደህና ነህ ነው የሚባለው አባባ። ወንድ እኮ ነኝ!»

«እሺ። ይሄ ግመል በጣም ጥሩ ነው። ወተት ይሰጣል።»

«ትሰጣለች! ሴት ከሆነች ትሰጣለች ነው።» ነጋዴው ወደ ደላላው ዞሮ ጠቀሰው። «ይሄ ሽማግሌ ምንም አያውቅም፣ ዛሬ ቀንቶናል» አለው፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ።

ሽማግሌው ዋጋ ጠሩ። ነጋዴው ዋጋውን ትቶ ቁጥሩን ያጠሩበትን አማርኛ አረመ። ሽማግሌው እንደገና ጠሩ፤ አሁን ትንሽ ጨምረው። ነጋዴው እንደገና አረመ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በመካከሉ ሽማግሌው ለልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ቃል፣ አጠገባቸው ለቆመው አፋር በአፋርኛ አንድ ቃል ጣል አደረጉ። ደላላው ሁለቱንም ሰምቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ገንዘቡ ተቆጠረ፤ ግመሏ ተለቀቀች። ያን ጊዜ ሽማግሌው ብሩን ከሽርጣቸው እጥፋት እያስገቡ፣ እንደ ውኃ በሚፈስስ የወሎ አማርኛ፣ «በረካ ሁን ልጄ፤ አማርኛዬን ስታርም ዋጋውን ረሳኸው» አሉት።

በዚህ ውስጥ ቅላጼ አለ። ያው «ነሽ» እንኳ አለ። ልዩነቱ ቅላጼው የሽማግሌው መሣሪያ መሆኑ ነው። የከተማው ቀልደኛ ትዕይንቱን ከ«ደህና ነሽ ወይ» ላይ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት ነገር የለውምና። ቀልዱ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። መለኪያዬም ይኸው ነው፤ ቅላጼውን ከቀልዱ ላይ አንሡት። የሚቀር ነገር ካለ ኮሜዲ ነው። ከሌለ ግን አንድን ሰው በእናቱ ቋንቋ ምክንያት ነው የሣቃችሁበት።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በሁሉም እንቀልዳለን፤ በጎጃሜውም፣ በጎንደሬውም፣ በጉራጌውም፣ በትግሬውም፤ ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው ከሁሉ በላይ የሚስቁት»። እውነት ነው፤ የከሚሴ ሰው በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በዚያ ዘበኛ ስቋል። ሰው አብሮ ሲስቅ እንደሌላው ተመልካች ይቆጠራል፤ ካልሳቀ ደግሞ ዘበኛውን መስሎ ይታያል፤ ምርጫው ይህን ያህል ነው። ከዚያ ወጥቶ አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ልጅ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል። አንዳንዱ አንድ ፌርማታ አልፎ ይወርዳል። በሁሉም መቀለድ ደግሞ እኩልነት የሚሆነው የሁሉም እጅ ማይክራፎን ሲይዝ ነው። የአዲስ አበባው አማርኛ በየትኛው ቀልድ ላይ ኮልታፋ ሆኖ ቀረበ?

ከዚህ የባሰም ነገር አለ። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ አንድ የጦር ታሪክ አለ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው አላፊውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል። «ሺ»ን ማውጣት ያልቻለው፣ «ሲቦሌት» ያለው፣ እዚያው ይታረዳል። መጽሐፉ የሟቹን ቁጥር 42 ሺህ ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሄይቲ ሰዎች ሲጨፈጨፉ የአንዲት ቅጠል ስም ማስጠራት እንዲሁ መለያ ሆኖ ነበር ይባላል። አንደበት በሰላም ቀን ማሳቂያ ነው፤ በክፉ ቀን መታወቂያ ይሆናል።

እኛም ክፉውን ቀን አይተነዋል። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በዙሪያው የሰው ሕይወት ረገፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከዚህም ከዚያም ወገን ሰው ተፈናቀለ። ቁስሉ ሳይጠግግ፣ በ2014 መባቻ ወራት፣ ጦርነቱ ራሷን ከሚሴን ደረሰባት። በእንዲህ ያለ ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ የሚጓዝ ሰው፣ አማራም ይሁን ኦሮሞ፣ ከአፉ የሚወጣውን ድምፅ ይፈራል። ይህን ያመጡት ቀልደኞች ናቸው አልልም፤ እንዲህ ያለውን ክስ ለመሰንዘር ድፍረትም ማስረጃም የለኝም። እኔ የምለው፣ ጆሮአችን ሰውን በቅላጼው ለይቶ በአንድ መደብ ማስቀመጥን የተማረው ከየትም ሳይሆን እየሳቀ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነበር፤ መግቢያውም በርካሽ።

እናስ ቀልደኛው ከሻንጣው ጥሎ የሄደው ምንድን ነው? ሳቅን ወደ ላይ የመወርወር ልማድ ነው። የተክለ ሐዋርያት ኮሜዲ በአውሬዎች አፍ የሹመኛውን ብልሹነት ነው የተሳለቀበት፤ ለዚህም ነው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደው። የመጀመሪያው ተውኔታችን ኮሜዲ ነበር፣ የመጀመሪያው ኮሜዲያችን ደግሞ ታገደ፤ ዘበኛ ላይ ቢስቅ ኖሮ ማን ያግደው ነበር? አለቃ ገብረ ሐና በግብር አዳራሽ ጌቶቹን በሰምና ወርቅ ሲወጉ ይነገርላቸዋል፤ ደግሞ በብዙው ተረት ራሳቸው አለቃ በባላገር ሴት መልስ ድል ሲሆኑ እናገኛቸዋለን። ሕዝቡ ትልቁን ቀልደኛውን ሳይቀር እንዲሸነፍ አድርጎ ነው የተረከው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ንና «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፍ የሳቀው በዘር በሚኮራውና ተምሬያለሁ በሚለው ሰው ላይ ነው፤ ራሱ ከለንደን ተምሮ የመጣ ሰው ሆኖ ሳለ።

ወደ ፊልምም ብንመጣ ያው ነው። ኃይሌ ገሪማ አባቱ ተውኔት ደራሲ ነበሩ፤ ልጁ ካሜራ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ በበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ውስጥ ከበበ የሚባል እብድ አለ። መንደሩ ይስቅበታል፤ ልጆች ይከተሉታል። ተመልካቹ ግን ጥቂት እንደቆየ በዚያ አገር ላይ እውነት የሚናገረው እብዱ ብቻ እንደሆነ ይገባውና ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው ፊልም «ጉማ» ይባላል። ጉማ የኦሮሞ ቃል ነው፤ የደም ካሣና ዕርቅ። እንግዲህ የአማርኛ ፊልም ገና በእግሩ ሳይቆም ከኦሮሞው ቃልና ሕግ ተበድሯል፤ ያኔ የተዋሰው ግን ቅላጼ ሳይሆን ሐሳብ ነበር።

ሙዚቀኞቻችን ከቀልደኞቻችን የተሻለ ጆሮ ነበራቸው ብል አልተሳሳትሁም። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠረው አራተኛው ቅኝት ስሙ ባቲ ነው፤ ያችው የግመል ገበያዋ ባቲ። ማሲንቆ መቺው፣ ክራር ደርዳሪው፣ ሳክስፎን ነፊው፣ ሁሉም ባቲን ሲጫወት ቅኝቱ የሚጠይቀውን ያህል ተጨንቆ ነው የሚጫወተው። ከዚያች ከተማ ዜማ ወስዶ «የተወላገደ ትዝታ» ያለ ሙዚቀኛ አልሰማሁም። ከዚያው ገበያ ቀልደኛው የወሰደው ግን የተሰናከለ «ነሽ» ብቻ ነው።

አሁን ካሴቱም ሲዲውም አልፎ ቀልዱ በስልክ መስታወት ላይ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። አንድ ደቂቃ ደግሞ ለታሪክ ትጠባለች፤ ለቅላጼ ግን ትበቃለች። ስለዚህ ነገሩ ሲብስ እንጂ ሲሻል አላየሁም። በሌላ በኩል ግን ያ ስልክ ከሚሴም ደርሷል። በዞኑ ትምህርት ቤቶች በአፋን ኦሮሞ የተማረው፣ አማርኛውንም ጨምሮ የያዘው ወጣት በሁለቱም ቋንቋ ይቀልዳል፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር በአንዱ ይጀምርና መውጊያው በሌላው ይመጣል። ሁለቱንም የሚያውቅ ብቻ ሙሉውን ይስቃል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ፣ ጎረቤቱን «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መድረክ የሚጠራ አዘጋጅ ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ምን እንደሆነ እገምታለሁ፤ «እስቲ ያንን የዘበኛውን ነገር ሥሩልን»።

የግመሉ ሽማግሌ ዋና ሰው የሆኑበት ፊልም እስካሁን አላየሁም። በሌሎቹ ፊልሞች ውስጥ ግን አውቃቸዋለሁ፤ ቪላው በር ላይ ቆመዋል፤ በመጨረሻ በሚያልፈው የስም ዝርዝር ላይ «ዘበኛ 1» ተብለው።